የእህቴ መንጋጋና ባለ አንድ ማግኔቱ ጊታር

የዚያን ቀን የረሳሁት ነገር ቁመቱ ከእኔ የማይበልጥ አንድ ጥቁር ገመድ ነበር። ሌላውን ሁሉ አስታውሻለሁ። የቀበሌያችንን የኪነት ቡድን ድምፅ ማጉያ ከአዳራሹ ተሸክሜ ወጥቻለሁ። ሊቀመንበሩ «ይሄ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ ብትጭረው ሰፊው ሕዝብ ይጭርሃል» ሲለኝ አንገቴን ደፍቼ ሰምቻለሁ። ጋሪ ይዣለሁ። ማጉያው ብርድ የሚመታው ይመስል የራሴን ብርድ ልብስ አልብሼዋለሁ፤ እህቴን ከጎኑ አስቀምጬ በእጄ ምልክት «ደግፊው» ብያታለሁ። ከአሰላ ገበያ በታች ተነስተን፣ ከጭላሎ የሚወርደውን ንፋስ በአፍንጫችን እየተቀበልን ላይኛው ሰፈር ፈረንጁ ቤት ደረስን። ማጉያውን አወረድነው። ግድግዳው ላይ ሰካነው። ቀይ መብራቱ ቦግ አለ። ዕቃ ሊገዛ ግቢው ውስጥ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «እሰይ!» አለ። ያን ጊዜ ነው ጊታርን ከማጉያ ጋር የሚያገናኘው ገመድ አዳራሹ ውስጥ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱ ትዝ ያለኝ።

ባለ ጋሪው የጢቾ ሰው ነው። ዕድሜው ከአባቴ ይስተካከላል፤ አማርኛውን በኦሮምኛ እያዋዛ ነው የሚያወራው።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ አንተ?»

«ገመድ ረሳሁ ጋሼ።»

«የምን ገመድ?»

«ጊታሩንና ይሄን የሚያገናኝ።»

ማጉያውን አየ፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ወደ ፈረሱ ዞረ። «ልጓሙን ልፍታልህ?»

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ተመልሼ እንዳላመጣው ሊቀመንበሩ ማጉያውን እንዳስረከበኝ አዳራሹን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ለስብሰባ ወደ ሮቤ በሚሄደው መኪና ተሳፍሯል። የፈረንጁ የራሱ ማጉያ ከነገመዱ ለአንድ የጎበሳ ነጋዴ ተሽጦ ሄዷል። ፈረንጁም ከምሳ በፊት ወደ አዲስ አበባ ይነሳል፤ ከዚያ አገሩ ስዊድን ይገባል። ደርግ ካለ እሱ የለም፤ እሱ ከሌለ ጊታሮቹም የሉም።

እህቴ ጋሪው ላይ እንደተቀመጠች ከንፈሬን ትከታተላለች። የበዓል ነጠላዋን ለብሳለች። ወፍጮ ቤት ላሉት ሴቶች ሁሉ «ዛሬ ወንድሜ ሊያሰማኝ ነው» ብላ ተናግራ፣ ፈቃድ ጠይቃ የመጣች ናት።

ስለ እሷ ልንገራችሁ። እናታችን ስትሞት እኔ የወተት ጥርሴን ገና ያልጨረስኩ ልጅ ነበርኩ፤ እህቴ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች። ልታገባ ስትችል እኔን አሳደገች። ወፍጮ ቤት ተቀጥራ እህል እየተቀበለች፣ ዱቄት እያስረከበች ከናፍጣ ሞተሩ ጎን ዕድሜዋን ቆመች። ሞተሩ እኛን አበላን፤ በምትኩ ጆሮዋን በላ። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋባት፤ ቀጥሎ በር ላይ የሚጣሩት ሰዎች፤ በመጨረሻ እኔ። የቀራት ነጎድጓድና ራሱ ሞተሩ ብቻ ነበር። ጮክ ብላ ትናገራለች፤ እኛ በእጅና በከንፈር እንመልስላታለን።

ልጅ ሳለሁ ስንዴ ስትለቅም የምታንጎራጉራት አንዲት ግጥም የሌላት ዜማ ነበረች። ከእናታችን የወሰደቻት ናት። እናቴን ስለማላስታውሳት የማውቃት በዚያች ዜማ ነው ብል አልዋሸሁም። የእህቴ ጆሮ ሲደክም ማንጎራጎሩም ቀረ፤ ራሷን የማትሰማ ሰው ለማን ታንጎራጉር? እኔ ታዲያ ጎሚስታ ሆኜ ቀን ጎማ እየለጠፍኩ፣ ማታ ማታ በቀበሌው ኪነት ጊታር እየመታሁ፣ ያችን ዜማ ከትዝታዬ ለቃቅሜ አገኘኋት። ወይም ያገኘኋት መሰለኝ። ልክ ይሁን አይሁን የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እሷም አትሰማም።

የኤሌክትሪክ ጊታር ነገር የገባኝ በዚህ መሃል ነው። ስሌቴ ቀላል ነበር። ኤሌክትሪክ ስንዴ የሚፈጭ ከሆነ አንድ የእህት ጆሮ በርግዶ መግባት ምን ይከብደዋል? በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ሳይንስ ጭንቅላቴ ውስጥ ሞልቶ ነበር።

ፈረንጁን የማውቀው በጎማው ነው። ገብስና የወተት ላም ለማሻሻል ከገበሬ ጋር ሲንከራተት ኖሮ የላንድሮቨሩ ጎማ እንደ ወንፊት ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ጎማውን እየለጠፍኩ መኪናው ውስጥ ካሴት ከፈተ። አንድ ጊታር፣ አንድ ሰው። ሰውየው አልቅሶ ጨርሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ወደ ሰው የወጣ ይመስላል። አንድ ቃል አልገባኝም፤ ግን የቀብር መልስ ቤታችን ደጃፍ ላይ ቁጭ የሚሉትን ሰዎች ድምፅ አውቀዋለሁ። «ብሉዝ» አለኝ ፈረንጁ። ብሉዝ የእኛ ነው ብዬ ልከራከር አልፈልግም፤ ሁሉ ነገር የእኛ ነው የሚል ሰው ሰፈራችን ሞልቷል። ልቤ ካሴቱ ላይ ሆኖ ግን ጎማውን ግማሽ ነፋሁትና ሸኘሁት፤ ፈረንጁም ተመልሶ መጥቶ ሲስቅብኝ ነው ወዳጅነታችን የጀመረው። ሊሄድ ሲል «ከሁለቱ ጊታሮቼ አንዱን ምረጥ፤ በአቅምህ ትወስዳለህ» አለኝ። የሁለቱ ዋጋ አንድ ነበር። ቢለያይ ኖሮ ድህነቴ ይመርጥልኝ ነበር፤ እኔም ዛሬ የምጽፈው አይኖረኝም።

ፈረንጁ ጊታሮቹን አምጥቶ በረንዳው ላይ በነበሩት የዕቃ ሣጥኖች ላይ አጋደማቸው።

አንደኛው ቀይ ነው፤ የሙሽራ መኪና እንኳ እንዲያ አያብረቀርቅም። ሦስት ማግኔት አለው። ለማያውቅ ልንገር፦ የኤሌክትሪክ ጊታር እንደ ክራር ሆድ የለውም፤ ድፍን እንጨት ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ ከሥሩ ያለው ማግኔት ይቀበልና በገመድ ወደ ማጉያው ይልከዋል። ገመድ ካለ። ቀዩ ከሦስቱ ማግኔት በተጨማሪ አምስት ስድስት መዘውርና ማብሪያ ማጥፊያ፣ ድምፁን የሚያርገበግብ የብረት ክንድ፣ ከጀርባው ደግሞ የተወጠሩ ሞላዎች ነበሩት። ይህን ሁሉ ለመቅበር እንጨቱ ከውስጥ ተፈልፍሏል።

ሁለተኛው ቀለም እንኳ አልተቀባም። አንድ ማግኔት፣ ሁለት መዘውር፤ በቃ። የቀበሌው ሱቅ መደርደሪያ ሲሠራ የተረፈ ሳንቃ ይመስላል።

ልቤ ቀዩ ላይ ነበር። የእህቴን የጆሮ በር ሦስት ሆነው ካንኳኩ አንዱስ ይከፈትለት ይሆናል ብዬ ነው።

ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ። «ብሉዝ፣ አንድ ማግኔት ጥሩ። ምርጫ የለም። ጣት ብቻ።»

«እኔ ግን የምፈልገው ለእሷ እንዲሰማ ነው።»

«አውቃለሁ» አለና ወደ ማጉያው አየ። ማጉያው ቀይ መብራቱን አብርቶ፣ ምንም ሳይናገር ቁጭ ብሏል፤ ልክ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደምንቀመጠው።

እህቴ ከጋሪው ወርዳ መጣች።

«ማሙሽ! ምን ሆነህ ነው ድንጋይ የዋጥክ የምትመስለው?»

ያን ጊዜ እኔ ጢም ያበቀልኩ የሠራተኛ ማኅበር አባል ነኝ፤ እሷ ግን በሰው ፊት ማሙሽ ነው የምትለኝ፤ ያውም እየጮኸች። በእጄ ገመድ ሠራሁ፤ ከጊታሩ ወደ ማጉያው አገናኘሁ፤ ከዚያ እጄን ባዶ አድርጌ አሳየኋት።

«ረሳኸው?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ጭንቅላትህንም እኔ ባልተክለው ኖሮ ምስማር ላይ ትተኸው ትመጣ ነበር!» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ነጠላዋን አስተካከለች፤ እንደገና አስተካከለች። «እንግዲያው ዛሬም አልሰማህም በለኛ» አለች፤ ይሄን ብቻ በዝግታ፤ ዝግ ብላ መናገር የምትችል መሆኗን ረስቼው ነበር።

ፈረንጁ ያለ ማጉያ ደረቁን እንሞክረው አለኝና ባለ አንድ ማግኔቱን አንስቶ ጆሮውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ መታ። እኔም ቀዩን አነሳሁና ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሁለት ጎልማሶች በረንዳ ላይ ሳንቃ ተንተርሰው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ባለ ጋሪው «እነዚህ ሰዎች እንቅልፍ ሊሸጥላቸው ነው እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

«ምን እየፈለጋችሁ ነው?» አለች እህቴ። «ኩሽኔታ ነው እንዴ?»

ወፍጮ ቤት የሞተሩ ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ሊሞት ሲል ከመሞቱ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገበሬው ከነእህሉ ያድራል። መካኒኩ ረጅም ካቻቢቴ ወስዶ ጫፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፋል፤ እጀታውን መንጋጋው ላይ ይደግፋል፤ ያን ጊዜ የሞተሩ የውስጥ ሕመም በአጥንት በኩል ይመጣል። ሹፌሮች እኔ ደጅ ላይ በየቀኑ ሲያደርጉት አያለሁ። እህቴንም ያስተማራት መካኒክ ነበር፤ ጆሮዋ ከደከመ በኋላም ይህን ሥራ አልተወችም፤ «መንጋጋዬ ገና ወጣት ነው» ትል ነበር። እኔ ታዲያ ይህን እያወቅሁ፣ አንድ ቀን እንኳ አንዱን ከአንዱ ጋር አላገናኘሁትም። የረሳሁት የማጉያውን ገመድ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር።

ባለ አንድ ማግኔቱን ከፈረንጁ ተቀበለች። እንደ ዱቄት ማዳበሪያ አገላብጣ ክብደቱን ለካችው። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ አስተኛችው፤ ጎንበስ አለችና መንጋጋዋን የእንጨቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች።

«ምታው።»

ወፍራሙን ክር መታሁት።

አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኖቿ ብቻ ሰፉ። ክሩ ተንቀጥቅጦ ተንቀጥቅጦ ሲያልቅ እኔ እንኳ መጨረሻውን አልሰማሁትም፤ እሷ ግን እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ድገመው» አለች።

ደገምኩት።

«ማሙሽ፣ ይሄ አንተ ነህ?»

ሌላውን ክር መታሁላት፤ ከዚያ የሚቀጥለውን። ቀጭኑ ጋ ስደርስ ፊቷን አጨማደደችና መንጋጋዋን አንስታ ጥርሷን ራሱን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። «እህ! ቀጭኑ በጥርስ ነው!» አለች፤ ጊታሩ አፏ ላይ ስለሆነ ቃሉ ግማሽ በግማሽ ነው የወጣው።

ባለ ጋሪው ተጠግቶ አየና «ጓድ» አለኝ፤ ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ ጓድ ነው የሚለኝ፤ «እህትህን ቁርስ አብልተህ አታመጣትም ነበር?»

ቀዩን ሰጠኋት፤ ተስፋ አልቆረጥኩም ነበርና። እንደዚያው አድርጋ ደገፈችው፤ መታሁ። ጠበቀች። ራሷን ነቀነቀች።

«ይሄኛው ወንዝ ማዶ ነው ያለው። የሚጠራኝ ሰው አለ፤ ማን እንደሆነ ግን አይለይም።» ሳንቃውን መልሳ ወሰደችና ጠርዙን ዳበሰችው። «ይሄ እቤት ውስጥ ነው።»

ፈረንጁ የቀዩን ሞላና የተፈለፈለውን ጀርባ እያሳየ «ድምፁን እዚህ ይበላዋል» አለ። ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። ከማግኔት ቁጥር ጋር የተጣላሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ከካሴቱ የተማርኳትን የብሉዝ ነገር መታሁላት። በትዕግሥት አዳመጠች።

«ማን ሞቶ ነው?»

ማንም አልሞተም አልኳት በእጄ።

«ታዲያ ተወው ይረፍ። የእኛን ምታልኝ።»

የእኛን። የቀበሌ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሳልፈራ የቆምኩ ሰው፣ መንጋጋዋን ሳንቃ ላይ ባሳረፈች አንዲት ሴት ፊት ክሮቹን እንደ ጀማሪ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ጀመርኩ። ዜማዋ ቀስ እያለች ዳገት ትወጣለች፤ ከዚያ በሌላ መንገድ ዞራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ዳገቱን ጨርሼ ልመለስ ስል እጇን አነሳች።

«አይደለም።»

ቆምኩ።

«እዛ ላይ፣ ከመመለሷ በፊት። ከፍ በል።»

አንገቱ ላይ አንድ ብረት ከፍ ብዬ መታሁ።

«በዛ። ዝቅ በል።»

ዝቅ አልኩ።

«ያ የቅድሙ ነው። መሃሉን!»

መሃል የለም። የጊታር አንገት ላይ ብረቶች ተደርድረዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ድምፅ ሠሪው አልሰጠኝም። ይህን በእጅ ምልክት ማስረዳት ከባድ ነው። ፈረንጁ ግን ጎኔ ቆሞ ስለነበር ጣቴን ያዘና ክሩን ወደ ጎን ገፋው። ብሉዝ የሚመቱት እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ብረቱ የከለከላቸውን ክሩን ገፍተው ያመጡታል። ድምፁ ከታችኛው ብረት ተነስቶ ሽቅብ ተሳበ፤ ትንሽ፣ ትንሽ፣

«እዛ!» ብላ ጮኸች፤ ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። «እዛ ነው! እማ እዛ ጋ ነው የምታርፈው!»

ጥርሷን ከእንጨቱ አላነሳችም። እንባዋ በጉንጯ ወርዶ ሳንቃው ላይ ሲንጠባጠብ ፈረንጁ አየ፤ እኔ ግን ክሬን ብቻ ነው ያየሁት፤ ሌላ ብመለከት ጣቴ ይስት ነበር።

«ስንት ጊዜ ነው እንዲህ አድርገህ ስታበላሻት የኖርከው?» አለችኝ ቀና ብላ።

ሁልጊዜ አልኳት።

«እንዴ! ታዲያ ማንም አይነግርህም?» ካለች በኋላ ራሷ ያለችው ነገር ገባት መሰለኝ፤ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳበች። ከነጠላው ውስጥ «አሁን ነገርኩህ» አለች።

ባለ አንድ ማግኔቱን ወሰድን። ቀዩን አንድ የባንክ ሠራተኛ ገዛው፤ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎት ሲያብረቀርቅለት ኖረ። ማጉያው ያን ቀን አንድ ቃል ሳይተነፍስ፣ ብርድ ልብሴን ለብሶ፣ በክብር ወደ አዳራሹ ተመለሰ። በኋላ ኪነት ቡድኑ ውስጥ አዲሱን ጊታር ሳሳይ ሊቀመንበሩ ዞር ዞር አድርጎ አየውና «የቀሩት ማግኔቶች የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የባንክ ሠራተኛውን ጊታር አይቶ ኖሮ፣ ሸጬያቸው የመጣሁ መስሎት። ስለ ምርትና ስለ ዘመቻ በተዘፈነው ዘፈን ሁሉ መሃል፣ የከለከሉኝን ድምፅ ክር እየገፋሁ ሾልኬ አስገባ ነበር፤ ማንም አልነቃብኝም። መድረክ ስጨርስ ቤት እገባና እህቴ ጭን ላይ አስተኛዋለሁ። እሷ ወፍጮ ቤት የዋለችበትን ዱቄት ከቅንድቧ ሳታራግፍ መንጋጋዋን ታሳርፋለች፤ ልክ ሲሆን ዝም ትላለች፤ ስሳሳት ጭኔን ትቆነጥጠኛለች። እንደ እሷ ያለ ሃያሲ አላየሁም፤ ጭኔ ምስክር ነው።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። እሷ ጥርሷ አልቆ ሰው ሠራሽ ተተክሎላታል፤ «ይሄኛው ደንቆሮ ነው» እያለች ታወልቀውና በድዷና በመንጋጋዋ ታዳምጣለች። የጊታሩ ጠርዝ ላይ ግን የድሮ ጥርሷ ምልክት አለ። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግን ጎረምሳ አይቶት «አይጥ ነው፣ ላለስልስልዎት?» ብሎኝ ነበር፤ እጁን በጥፊ ልለው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። የዚያን ቀን መኪናው ተጭኖ ሹፌሩ ጥሩምባ ሲያስጮህ ፈረንጁ ከእኛ ጋር እንደቆመ ነበር። «ያችን አስተምረኝ» አለኝ። የጊታሩን ዋጋ ስቆጥርለት የመጨረሻዎቹን ብሮች በእጄ መልሶ አስጨብጦኝ፣ «ይሄን በዜማ ክፈለኝ» ብሎ ነበርና ልከለክለው አልችልም። ጊታሩን ሰጠሁትና ዳገቱን አሳየሁት፤ ክሩ የሚገፋበትንም፤ እህቴ መንጋጋዋን አሳርፋ «እዛ!» እስክትለው ድረስ መታት። መመለሻውን ልጀምርለት ስል ሹፌሩ መኪናውን አንቀሳቀሰ፤ ፈረንጁ ሮጦ ተሳፈረ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን ሲያወዛውዝ አፉ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እያንጎራጎረ ነው።

አድራሻውን አልያዝኩም። በሕይወት ካለ እሱም እንደ እኔ ሽማግሌ ነው፤ በዚያ ብርዳም አገሩ የሆነ መስኮት ሥር ተቀምጦ ዳገቱን ወጥቶ፣ ወጥቶ፣ እዛ ላይ ቆሞ ይቀራል። እህቴ ዜማዋን በመታሁላት ቁጥር፣ ወደ ቤት መመለሻው ላይ ስንደርስ፣ አንድ ዓይኗን ትገልጥና «ያን ሰውዬ ዳገት ላይ ጥለኸዋል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። የመውረጃው ዕዳ እስካሁን አለብኝ።